እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ሕመምተኛ

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መግቢያ፣ በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። በሥራው የአሜሪካው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች አግዘዋል፤ ለጋሾቹም በሕይወት ያሉ የቅርብ ዘመዶች ናቸው፤ እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእህቱ አንድ ኩላሊቱን ይሰጣል። ከሞተ ሰው ኩላሊት፣ ጉበት ወይም ልብ ወስዶ ለሌላው መትከል ግን በአገራችን ሕክምና ገና ቦታ አላገኘም። እንዲህ ሆኖ እንደማይቀር ለመናገር ነቢይ መሆን አያሻም። የኩላሊት እጥበት የሚፈልገው ሰው ብዙ ነው፤ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉን፤ በመሣሪያ ድጋፍ ብቻ ስለሚተነፍስ ሕመምተኛና ስለ አካል ልገሳም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ተነጋግሮበታል። ጉዳዩ በመጣ ጊዜ ከሁሉ የሚከብደው የሕፃናቱ ነገር ነው። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ራሱን ስቶ በመሣሪያ ሲተነፍስ፣ የመትረፍ ተስፋውም የተሟጠጠ ሲመስል፣ ሐኪሙ በዚያ አልጋ ላይ ማንን ማየት አለበት? የሚታከም ሕመምተኛን ወይስ ሌሎች ሕፃናትን ሊያድን የሚችል ለጋሽን? መልሴ ይህ ነው፦ የሕፃኑ ሞት በወጉ እስኪረጋገጥ ድረስ የሚደረግለት ነገር ሁሉ ለእርሱና ለእርሱ ብቻ መሆን አለበት፤ ይህን በተግባር ያላሳየ የጤና ሥርዓት ደግሞ ከሐዘንተኛ ወላጅ ፊት ቆሞ የልጁን አካል ለመጠየቅ የሚያበቃ መብት የለውም።

ጥያቄውን ከአዲስ አበባ ይልቅ ከወላይታ ሶዶ ሆኖ መመልከት ይበጃል። ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ ከሻሸመኔ በቦዲቲ፣ ከሆሳዕና በአረካ፣ ከአርባ ምንጭ በሁምቦ የሚመጣው ሁሉ እዚያ ይገናኛል። ኦቶና ላይ ያለው ሆስፒታል ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ወላይታ ከገቡት የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ሕክምና የሚመዘዝ ሲሆን ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሥራ የጀመረው የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም በከተማዋ አለ። በእንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች በር ራሱን ስቶ የሚደርሰው ሕፃን ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ የገጨው፣ ከዛፍ የወደቀ፣ ከአባያ ዳርቻ ቆላ የአንጎል ወባ ይዞት የመጣ፣ ማጅራት ገትር የጣለው፣ ወይም ለማሳ የተገዛ የተባይ መድኃኒት ሳያውቅ የጠጣ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል በሪፈር ሲንከባለል ሰዓታት ያልፋሉ፤ አንጎልን የሚገድለው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ጉዳት ብቻ ሳይሆን በመንገድ የባከነው አየርና ደም ነው። እንግዲህ ከሟች ሕፃናት መለገስ ቢጀመር ለጋሾቹ በብዛት ዘግይተው የደረሱት የገበሬ ልጆች ይሆናሉ፤ ተቀባዮቹ ደግሞ ወደ ንቅለ ተከላው ማዕከል መቅረብና አካሉ እንዳይገፋ የሚያደርገውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ መግዛት የሚችሉት ናቸው። ፍትሕ ያለበትን ሥርዓት ከሌለበት መለየት የሚቻለው ሰጪው ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ በማየት ነው።

አሁን ወደ አልጋው ቀረብ ብለን የሕክምናውን ዝርዝር እንመልከት፤ የግብረገቡ ጥያቄ ያለው እዚያው ውስጥ ነውና። ራሱን የሳተ ሕፃን ሲደርስ መጀመሪያ የአየር መንገዱ ይከፈታል፤ ምራቅና ትውከት ይመጠጣል፤ ኦክስጅን ይሰጠዋል። ጣቱ ተወግቶ የደም ስኳሩ ይለካል፤ በወባና በረሃብ የደከመ ሕፃን ስኳሩ በወረደ ቁጥር አንጎሉ ይጎዳልና። አንገቱ ቀጥ ብሎ የአልጋው ራስጌ 30 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ይህ ምንም ወጪ የሌለው ሥራ ባበጠው አንጎል ላይ ያለውን ግፊት ይቀንሳል። ማኒቶል ወይም ጨው የበዛበት ፈሳሽ በደም ሥር ይሰጣል፤ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ፣ ትኩሳቱ እንዳይወጣ፣ መንቀጥቀጡ እንዲቆም ይደረጋል። ሽንቱ በየሰዓቱ ይለካል፤ ጎኑ እንዳይቆስል በየጊዜው ይገላበጣል፤ ዓይኑ እንዳይደርቅ ይቀባል። የዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ነው፤ ልጁ እንዲነቃ። ግን ልብ በሉ፦ የደም ግፊቱን የጠበቀ፣ ኦክስጅኑን ያላጓደለ፣ ፈሳሹን የለካ ሐኪም የልጁን ኩላሊት፣ ጉበትና ልብም ጠብቋል። ለልጁ የሚበጀውና ለሌላ ሰው አካል የሚያቆየው ሕክምና ረጅም መንገድ አብረው ይሄዳሉ። ስለዚህ አንዳንዶች «ልዩነት ከሌለ ጭቅጭቁ ለምን አስፈለገ? ከመጀመሪያው ቀን ለጋሽ ሊሆን ይችላል ብለን ብንመዘግበው ምን ይጎዳል?» ይላሉ። የሚጎዳው መንገዶቹ የሚለያዩበት ቦታ ስላለ ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ አስቀድሞ ለጋሽ የተባለ ልጅ ጠበቃ የለውም።

መለያያውን ያሳዩ ሁለት የታወቁ ታሪኮች አሉ። በእንግሊዟ ኤክሰተር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከአንጎል ደም መፍሰስ የተነሣ በተኝቶ መታከሚያ ክፍል በመሞት ላይ የነበሩ ሰዎች ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እየተወሰዱ በመተንፈሻ መሣሪያ ይያዙ ነበር። መሣሪያው እነርሱን ያድናል ተብሎ አልነበረም፤ አካላቸው እስኪወሰድ ድረስ እንዲቆይ ነው። አካሉን የሚጠብቁ ሰዎች በርግጥ ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ግን የአገሪቱ ጤና መሥሪያ ቤት አሠራሩ ከሕግ ውጪ ነው ብሎ አስቆመው፤ ምክንያቱም ራሱን ለማያውቅ ሰው የሚደረግ ሕክምና ለእርሱ ጥቅም መሆን ነበረበት። ሁለተኛው ከዴንቨር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ በታተመ ዘገባ ሐኪሞች የመኖር ተስፋ ከሌላቸው ሦስት ጨቅላዎች በወላጆቻቸው ፈቃድ መሣሪያውን አንሥተው፣ ልባቸው ከቆመ በኋላ ልባቸውን ለሌሎች ጨቅላዎች ተከሉ። በመጀመሪያው 3 ደቂቃ፣ በሁለቱ ግን 75 ሰከንድ ብቻ ነበር የጠበቁት። ሦስቱም ተቀባዮች በስድስተኛው ወር በሕይወት ነበሩ። ውጤቱ የሚያስደስት ነው፤ የሚያስጨንቀውም እርሱው ነው። ቆሞ 75 ሰከንድ ብቻ የተጠበቀው ልብ በሌላ ሕፃን ደረት ውስጥ ዳግመኛ ከመታ፣ «ላይመለስ ቆሟል» ያልነው በምን ማረጋገጫ ነው? የጥበቃውን ጊዜ ከ3 ደቂቃ ወደ 75 ሰከንድ ያወረደው የሟቹ ሕፃን ጥቅም አይደለም። ለእርሱ የሚያስፈልገው ሞቱ መረጋገጡ እንጂ መፍጠኑ አልነበረም። ሰዓቱን ያሳጠረው የተቀባዩ ፍላጎት ነው፤ የሌላ ሰው ፍላጎት የአንድን ሕፃን ሞት ሰዓት መቁረጥ ሲጀምር ደግሞ ሕፃኑ ገና በሕይወት ሳለ መጠቀሚያ ሆኗል ማለት ነው።

ለዚህ ነው የሞት ማረጋገጫው ሥርዓት በሕፃናት ላይ የሚጠብቀው። እ.ኤ.አ. በ1968 የሃርቫርድ ኮሚቴ የአንጎልን ሞት መመዘኛ ካወጣ ወዲህ ዓለም ብዙ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአሜሪካ የሕፃናት መመሪያ ሁለት የተለያዩ ሐኪሞች በየግላቸው እንዲመረምሩ፣ በሁለቱ ምርመራዎች መካከልም በጊዜው ለተወለደ ጨቅላ እስከ 30 ቀኑ 24 ሰዓት፣ ከዚያ በላይ ላሉት ልጆች 12 ሰዓት እንዲቆይ ያዝ ነበር። ብሌኑ ለብርሃን መልስ እንዳይሰጥ፣ ሲነኩት ዓይኑ እንዳይርገበገብ፣ ጉሮሮው ሲነካ እንዳያስል ብቻ ሳይሆን፣ ከመሣሪያው ተለይቶ በደሙ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ60 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ በላይ ሲደርስና ከመነሻው በ20 ሲጨምር እንኳ አንድም ትንፋሽ እንደማይወስድ መታየት አለበት። ለዚህ የደም ጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል። ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ የደም ግፊቱ የወረደ፣ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያለበት ሕፃን አይመረመርም። ይህን ወደ ሶዶ ስናመጣው ክብደቱ ይታያል። በመንቀጥቀጥ የደረሰ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ዲያዜፓም፣ ካልቆመም ፌኖባርቢታል ነው። ፌኖባርቢታል ደግሞ በሕፃን ደም ውስጥ ለቀናት ይቆያል፤ ግማሹ እስኪወጣ ብቻ ሁለትና ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። በመጠኑ የበዛበት ልጅ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ወድቆ፣ ትንፋሹም ደክሞ፣ የሞተ ሊመስል ይችላል። የተባይ መድኃኒት የጠጣ ሕፃንም እንዲሁ ብሌኑ ጠቦ፣ ጡንቻው ዝሎ ሐኪምን ያሳስታል። የአንጎል ወባ የያዛቸው ልጆች ደግሞ በሰዓቱ ከታከሙ አብዛኞቹ ይተርፋሉ፤ ብዙዎቹም በሁለት ቀን ውስጥ ነፍስ ያውቃሉ። የደም ጋዝ መለኪያ፣ የመድኃኒት መጠን መመርመሪያና ሁለተኛ ሐኪም በሌሉበት ለመወሰን መቸኮል የሚነቃን ልጅ ሙት ማለት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ከባዱ መቃወሚያ ይነሣል፦ የአንጎል ሞት ራሱ ሞት ነው ወይ? ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ገላው ሲሞቅ፣ ልቡ ሲመታ እያየች «ልጅሽ አርፏል» የምትባል እናት ባታምን አይፈረድባትም። ፈላስፋው ሃንስ ዮናስም የሃርቫርዱ መመዘኛ ገና ከመውጣቱ አካል ለመውሰድ ሲባል የሞትን ድንበር ወደ ኋላ መግፋት እንዳይሆን ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ሞታለች የተባለችው የ13 ዓመቷ ጃሂ ማክማዝ ቤተሰቦቿ ውሳኔውን ባለመቀበላቸው ሃይማኖታዊ ተቃውሞን ወደሚያከብረው የኒው ጀርሲ ግዛት ተወስዳ በመሣሪያ ድጋፍ ገላዋ እስከ 2018 ቆይቷል። እነዚህን መቃወሚያዎች ማናናቅ አይገባም። ይሁን እንጂ አንጎሉ ሙሉ በሙሉ፣ ላይመለስ የጠፋ ሰው ከእንግዲህ አይተነፍስም፣ አያውቅም፣ አይሰማም፤ መሣሪያው የሚያቆየው የአካል ክፍሎችን ሥራ እንጂ ያን ልጅ አይደለም። ይህን ፍርድ በበኩሌ እቀበላለሁ። የምቀበለው ግን በአንድ ሁኔታ ነው፤ መመዘኛው አካል ለመለገስ ሲባል አንድ ስንዝር ካልተነካ። ለጋሽ ሊሆን የማይችል ሕፃን በምን መንገድ ሙት ከተባለ፣ ሊሆን የሚችለውም በዚያው መንገድ ብቻ ሙት ይባል። ዮናስ የፈራው የሚደርሰው መለኪያው ለሁለቱ ሲለያይ ነው፤ ሲስተካከል ግን ጥርጣሬው የሚጣበቅበት ቦታ ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቃቸው መርሆዎችም ሞትን የሚያረጋግጡት ሐኪሞች አካሉን በማውጣት ወይም ተቀባዩን በማከም እጃቸው እንዳይኖርበት የሚያዙት ለዚሁ ነው።

ሞቱ በዚህ መንገድ ከተረጋገጠና ወላጅ ከፈቀደ በኋላ የሚደረገው እንክብካቤ ዓላማው ይለወጣል፤ ለውጡም በግልጽ መነገር አለበት። አንጎል ሲሞት ሰውነት ሚዛኑን ያጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጠፋል፣ ሽንትን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ስለሚቋረጥ ውሃው ያለ ልክ ይፈስሳል። ሐኪሞቹ ፈሳሽ ይተካሉ፣ ግፊት የሚደግፍና ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ሳንባው በመሣሪያው ግፊት እንዳይጎዳ በጥቂት በጥቂቱ ያስተነፍሳሉ፣ ገላውን ያሞቃሉ። ይህ ለሌሎች ሲባል የሚደረግ ቢሆንም ነውር የለበትም፤ የሟችን ገላ ለበጎ ሥራ በክብር መጠበቅ ነው። ነገር ግን ክብሩ የሚታወቅባቸው ምልክቶች አሉት። ልጁ በስሙ ይጠራል። እናቱ እጁን እንዳትይዝ፣ ዘመድ ገብቶ እንዳይሰናበት ማንም አይከለክልም። ቁስሉ እንደማንኛውም ቀዶ ሕክምና ተሰፍቶ፣ ገላው ታጥቦ፣ ለቀብር በሚሆን ሁኔታ በቶሎ ይመለሳል። ከተረጋገጠው ሞት በኋላ ላለው የአልጋ፣ የመድኃኒትና የአስከሬን ማጓጓዣ ወጪ ከወላጅ ኪስ አንድ ሳንቲም አይወጣም። መለገስ ሳይቻል ቢቀር፣ ወይም ወላጅ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ክብሩ አይቀንስም። ልጁ የአንጎል ሞት ላይ ሳይደርስ ቀስ እያለ የሚሞት ከሆነም ሕመም ማስታገሻውና የእናት እቅፍ ይቅደም እንጂ ለአካል ማቆያ ብቻ የሚጠቅም መርፌም ሆነ ቱቦ አይጨመርበት።

ወላጅስ በምን ሥልጣን ይፈቅዳል? ሕፃን ልጅ ለራሱ አልወሰነም፤ ዐዋቂ እንደሚያደርገው በቁሙ ቃል አልሰጠም። የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በ18ኛው አንቀጽ፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ አካሉን በከባድ በሚጎዳ ሁኔታ ለመስጠት የሚያደርገው ስምምነት፣ የሕክምና ደንብ ካላጸደቀው በቀር፣ ዋጋ የለውም ይላል። ዐዋቂው በገዛ አካሉ ላይ ይህን ያህል ከተገደበ ወላጅ በልጁ አካል ላይ ያለው ሥልጣን ከዚያ ያነሰ እንጂ የበለጠ ሊሆን አይችልም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት መታሰብ እንዳለበት ይደነግጋል። ከዚህ የምንረዳው የወላጅ ሥልጣን አደራ መሆኑን ነው። ልጁ በሕይወት ሳለ አደራው የእርሱን ጥቅም መጠበቅ ነው፤ ወላጅ እንኳ ለሌላ ሰው ጥቅም ብሎ ልጁ ላይ ሕመም የሚጨምር ወይም ሞቱን የሚያፋጥን ነገር ሊፈቅድ አይችልም። ልጁ ካረፈ በኋላ ግን ወላጅ ቀባሪ ነው፤ የልጁን ስም፣ ገላና መታሰቢያ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ አካሉን መለገስ የሚፈቅድለትም ይኸው አደራ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከሞት ማረጋገጫው በፊት አይቀርብም፤ የሚያቀርበውም ልጁን ሲያክም የነበረው ሐኪም አይሆንም። እያከመ የሚጠይቅ ሐኪም ያከመበት ልብ ይጠረጠራል።

በወላይታ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ቦታ የበለጠ ምክንያት አለው። በውጭ አገር ጉዲፈቻ ዘመን ከወላይታ፣ ከሀድያና ከከምባታ ብዙ ሕፃናት በበጎ አድራጎት ስም ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሄደዋል። ብዙዎቹ ጥሩ ቤት ገብተዋል። የዚያኑ ያህል ግን የጣት አሻራቸውን ያኖሩ ወላጆች ልጁ ተምሮ የሚመለስ፣ በየጊዜው ወሬው የሚደርስ መስሏቸው እንደነበር፣ ለዘለዓለም መለየት መሆኑን በኋላ እንደተረዱ በሰፊው ተነግሯል። ምክር ቤቱ በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን ከነአካቴው የከለከለው በእንዲህ ያለ ቅሬታ መካከል ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ፊርማ ፈቃድ አለመሆኑን ነው። ሰውየው በሚያስብበት በወላይትኛ፣ የሚያምነው ሽማግሌ ወይም የሃይማኖት አባት በተቀመጠበት፣ «መሣሪያው ልጅህን እያኖረው አይደለም፤ እምቢ ብትል ምንም አይቀርብህም» ተብሎ ሳይነገረው የሰጠው ቃል ባዶ ነው። የልገሳን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ መስማትም አይገባውም፤ ወላይታ በዱቡሻ ተሰብስቦ የጋራ ጉዳዩን የመምከር ባህል አለው፤ እድሩም፣ ቤተ ክርስቲያኑም አለ። እምነት አንዴ ከተሰበረ ምን እንደሚከተል ከባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቻችንም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1996 በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን በበጎ ፈቃድ የሰጡት ደም በስውር ሲጣል እንደነበር በታወቀ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጥተዋል። ሰጪ ሰው በስጦታው መከበር ይፈልጋል፤ ይህን የነፈገው ተቋም ስጦታውን ብቻ ሳይሆን ሰጪውን ያጣል።

«ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ስትደረድሩ የሚጠብቁት ሕፃናት ያልቃሉ» የሚለው መቃወሚያ ከሁሉም ይበልጥ ልብ ይነካል። ሙግቱ እውነት አለበት፤ ኩላሊቱ የከዳው ልጅም የሰው ልጅ ነው፤ እናቱም እንደዚያችው እናት ታለቅሳለች። መልሱ ግን ጥንቃቄው ልገሳን አይቀንስም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በደቡብ ኢጣሊያ ከቤተሰቡ ጋር ሲጓዝ ወንበዴዎች በጥይት የመቱት የ7 ዓመቱ አሜሪካዊ ኒኮላስ ግሪን በሆስፒታል ሲታከም ቆይቶ የአንጎል ሞቱ ሲረጋገጥ፣ ወላጆቹ አካሉን ለሰባት ኢጣሊያውያን ሰጡ። በአሥር ዓመት ውስጥ የኢጣሊያ ለጋሾች ቁጥር ሦስት እጥፍ ሆነ። እንደሚመስለኝ ሕዝቡን ያነሣሣው ልጁ እስከ መጨረሻው መታከሙንና ወላጆቹ ሳይገደዱ መስጠታቸውን ማየቱ ነው። ከዚህም ሌላ፣ የሚጠብቀው ልጅና ሊለግስ የሚችለው ልጅ ያንድ እጦት ልጆች ናቸው። በተፈጥሮ የሽንት መውጫው የተዘጋ ወንድ ልጅ ገና በጨቅላነቱ ቢታወቅና ቢከፈትለት፣ በቆዳና በጉሮሮ ቁስል የሚነሣው የኩላሊት ብግነት በጊዜው ቢታከም፣ ወደ ንቅለ ተከላ ከሚደርሱት ብዙዎቹ አይደርሱም ነበር። የመንገድ አደጋው ተጎጂ በመጀመሪያው ሰዓት ኦክስጅን ቢያገኝ ደግሞ አንጎሉ ላይሞት ይችል ነበር። በጤና ጣቢያ ደረጃ የጎደለው አንድ ነገር በአንድ በኩል ለጋሽ፣ በሌላ በኩል ተቀባይ ይፈጥራል። ይህን ጉድለት ሳይሞሉ ሁለቱን በቀዶ ሕክምና ማገናኘት ግማሽ መፍትሔ ነው።

ሌላው መቃወሚያ የመሣሪያው እጥረት ነው፦ ሌላ ሕፃን አየር አጥሮት ሲጠብቅ የሟችን ገላ በመተንፈሻ መሣሪያ ማቆየት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? እውነት ነው፤ ስለዚህም ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይሁን። በሕይወት ያለና ተስፋ ያለው ሕፃን ከሟች ገላ ይቀድማል፤ ልገሳው በዚህ ምክንያት ቢቀርም ይቅር። ይህ ሥርዓት ግን በሌላ አቅጣጫ እንዳይጣመም መጠበቅ አለበት፤ አልጋ ለማስለቀቅ ተብሎ ያልሞተን ልጅ ሞተ ማለት አይቻልም። ሕክምናው አይጠቅምም ብሎ ማቆም አንድ ውሳኔ ነው፤ ልጁ ሞቷል ማለት ሌላ ነው፤ አካሉ ይለገስ ማለት ሦስተኛ ነው። ሦስቱን በየወረቀታቸው፣ በየሰዓታቸው፣ በየሰዎቻቸው መለየት የሆስፒታሉ ግዴታ ነው። ልገሳን የሚያሰናክለው ባህላችን ነው የሚሉም አሉ፤ ሙሉ ገላን መቅበር ግድ ስለሆነ ሕዝቡ አይቀበለውም ይላሉ። ይህ ሕዝቡን ማሳነስ ነው። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከሟቾች የዓይን ብሌን ሲሰበስብ ቆይቷል፤ ሰዎች በቁማቸው ቃል ገብተዋል፤ ቤተሰቦችም ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አስረክበው ቀብራቸውን በወጉ ፈጽመዋል። ሰው የሚፈራው አካል መስጠትን ሳይሆን መነጠቅን ነው።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ሶዶ ላይ ራሱን ስቶ የሚመጣ ሕፃን የሚያገኘው የድንገተኛና የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ይሟላ፤ ኦክስጅን ከጤና ጣቢያና ከአምቡላንስ ጀምሮ፣ የደም ጋዝ መለኪያ፣ በሕፃናት የሠለጠነ ነርስ በየፈረቃው። ቀጥሎ የሞት ማረጋገጫው አገር አቀፍ መመሪያ ሕፃናትን ለይቶ ይጻፍ፤ ወባንና የሚያደነዝዙ መድኃኒቶችን፣ የተባይ መድኃኒትንም የአገራችንን ሁኔታ አይቶ ያካትት። ከዚያ በኋላ ወላጅን የሚያናግሩ፣ ከሕክምናው ቡድንም ከንቅለ ተከላው ቡድንም የተለዩ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ይሠልጥኑ፤ የወላይታ ልጅ አካል የሰጠበት ሥርዓት የወላይታ ልጅ አካል የሚቀበልበትም እንዲሆን የመድኃኒቱ ወጪ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ወይም በሌላ የጋራ ገንዘብ ይሸፈን። ልገሳው የሚመጣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ መዘግየት ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከተዘረዘሩት ብዙዎቹ አንድም ልገሳ ባይደረግ እንኳ በራሳቸው ሕፃናትን የሚያተርፉ ናቸው፤ ስለዚህ የሚባክን ጊዜ የለም። እንዲህ ያለ ሆስፒታል ልጅዋ ያረፈባትን እናት አንድ ቀን ቢጠይቃት፣ ጥያቄው እርሷን ከልጅዋ ሐኪሞች ጋር የሚያጣላ አይሆንም። እሺ ብትልም እምቢ ብትልም ለልጅዋ መደረግ ከሚገባው አንድም ነገር እንዳልጎደለ ታውቃለችና።